ከውሻና ከድመት ጋር አዲስ ቤት መግባት፦ ከቀለም ቅብ እስከ መጋረጃ፣ በቅደም ተከተል

ቤት የሚቀይር ሰው ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ መጨረስ ይፈልጋል። ጠዋት ቀለም፣ ከሰዓት ዕቃ፣ ማታ መጋረጃ። እንስሳ ከሌላችሁ ድካሙ ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ውሻ ወይም ድመት ካላችሁ ግን አይሆንም። እኔ ሞክሬዋለሁ። ድመቴ ሙሺ ኮርኒስ ውስጥ ገብታ ሁለት ቀን አልወጣችም፤ ውሻዬ ቡቺ ደግሞ ገና ባልደረቀ የዘይት ቀለም በር ላይ ጭራውን አሻሸና ያንኑ ጭራ ሶፋው ላይ ጠረገው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ። ሁሉም ነገር ሰመረልኝ አልልም፣ ቅደም ተከተሉ ግን ገብቶኛል።

እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ውል፣ ቀጥሎ ቀለም፣ ቀጥሎ ዕቃ፣ ቀጥሎ እንስሳ፣ ጌጣጌጥ መጨረሻ። የጻፍኩት አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ለሚከራይ ሰው ነው። ግቢ ያለው ቤት ለምትገቡም አብዛኛው ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ከመፈረማችሁ በፊት

አከራዩ "ውሻ ችግር የለውም" ቢላችሁ በቃል አትርኩ። ዛሬ የፈቀደ ሰው ነገ ጎረቤት ሲያማርርበት መፍቀዱን ይረሳዋል። በቤት ኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ሁለት ዓመት ልትኖሩበት ነውና እነዚህን ውሉ ላይ አስጽፉ።

1. የእንስሳቱን ዓይነትና ቁጥር። "አንድ ውሻና አንድ ድመት" ተብሎ ይጻፍ። "የቤት እንስሳ" ብቻ ከተባለ በግም የቤት እንስሳ ነው፣ ነገ ክርክር ይነሳል።
2. ቀለም መቀየር መቻል አለመቻላችሁን፣ ስትወጡም ወደ ነበረበት መመለስ ይጠበቅባችሁ እንደሆነ።
3. ግድግዳ መብሳትን። መጋረጃና ቴሌቪዥን ለመስቀል የግድ ትበሳላችሁ።

ከዚያ የብሎኩን ኮሚቴ አናግሩ። የውሻውን የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይታደሳል። ጊዜው ካለፈ መጀመሪያ አስከትቡ፣ ከዚያ ኮሚቴውን አናግሩ። ካርድ ይዞ የመጣ ሰውና "አይናከስም እኮ" ብሎ የመጣ ሰው እኩል አይታዩም።

ቁልፉን ከመግቢያችሁ ቀን አምስት ስድስት ቀን ቀድማችሁ ለመቀበል ተደራደሩ። የዚህ መመሪያ ግማሹ የሚቆመው በዚህች ነገር ላይ ነው። አከራዩ እምቢ ካለ አትጨነቁ፣ ደረጃ 3 ላይ መውጫ አለ።

ደረጃ 2፦ ባዶውን ቤት በድመት ቁመት እዩት

ባትሪ ያዙና ተንበርከኩ። ቀልድ አይደለም። ቆማችሁ የማታዩትን ሁሉ ውሻና ድመት መጀመሪያ የሚያገኙት እነሱ ናቸው።

1. የአይጥ መርዝ ፈልጉ። የቀድሞው ተከራይ በእርግጠኝነት የሆነ ቦታ ጥሏል። የእቃ ማጠቢያው ሥር፣ የምድጃ ቦታው ጀርባ፣ የቁም ሳጥኑ ወለል፣ ኮርኒሱ አፍ ላይ እዩ። እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ አንሱት፣ ቦታውን በሳሙና እጠቡ። ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። መርዝ የበላች አይጥ የምትበላ ድመትም አደጋ ላይ ናት።
2. ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ ናፍታሊን አውጡ። ለሰው ልብስ ጠረን ነው፣ ለእነሱ መርዝ።
3. ቀዳዳ ድፈኑ። ቧንቧ የሚገባበት፣ ኮርኒሱ የተከፈተበት፣ የኩሽናው ቁም ሳጥን ከግድግዳ የራቀበት። የድመት ጭንቅላት ካለፈ ሰውነቷም ያልፋል። ጀሶ ካልያዘው የሽቦ ወንፊት ሰክታችሁ በላዩ ጀሶ አድርጉ።
4. መስኮትና በረንዳ። ፍርግርጉ ሌባ ያቆማል፣ ድመት አያቆምም። "ድመት ከየትም ብትወድቅ በእግሯ ነው የምታርፈው" የሚለውን እርሱት፤ በእግሯ አርፋም መንጋጋዋና ደረቷ ይጎዳል። ቢያንስ ሁለት መስኮት ላይ የብረት ወንፊት አስመቱ። የትንኝ ፕላስቲክ መረብ በጥፍር ይቀደዳል።

መርዝ ከበሉ ምን ይደረጋል? ወተት አትጋቱ። ዘይት አታጠጡ። ይሄ ልማድ ስንቱን ፈጅቷል። የመርዙን ማሸጊያ ያዙና ምልክት ሳትጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመርዙን ዓይነት ነው።

ደረጃ 3፦ ቀለም፣ ማንም ሳይገባ

ክረምት ላይ አትቅቡ፤ ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ ብቻ። ግድግዳው እርጥበት ስቦ ቀለሙ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ዝናብ ስለሆነ ደግሞ መስኮት ከፍታችሁ ማናፈስ አትችሉም።

የቀለም ምርጫ ላይ ሰው በቀለሙ መልክ ብቻ ይጨነቃል። እናንተ ዓይነቱን አስቀድሙ። የውሃ ቀለም ሽታው ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ብሩሹ በውሃ ይታጠባል። የዘይት ቀለም ጠንካራ ነው፣ ቆሻሻ በእርጥብ ጨርቅ ይለቅለታል፤ ግን ከቲነር ጋር ነው የሚሠራው፣ ሽታው ቀናት ይቆያል፣ አንዱ ቅብ እስኪደርቅ አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይወስዳል። እኔ የማደርገው ይሄን ነው፦ ውሻው የሚሻሸውን የግድግዳ ክፍል፣ ከወለል እስከ ወገብ ያለውን፣ ኮሪደርና ሳሎን ላይ ብቻ የዘይት ቀለም። የቀረው ሁሉ የውሃ። የመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም የሚቀባ ሰው አይገባኝም።

አሠራሩ፦

1. የተላጠውን ፋቁ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ሙሉ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የቆየ የዘይት ቀለም ከሆነ ግን በደረቁ አትፈግፍጉት። አሁን በአገራችን ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳያልፍ የሚያዝ ደንብ አለ፣ ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳ ውስጥ ግን ምን እንዳለ ማን ያውቃል? አርጥባችሁ ፋቁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ዱቄቱን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ። ውሻ መዳፉን ይልሳል፣ ድመት መላ አካሏን ትልሳለች። ወለል ላይ የቀረው ሁሉ ሆዳቸው ይገባል።
2. መጀመሪያ ኮርኒስ፣ ቀጥሎ ግድግዳ፣ መጨረሻ በርና ዞኮሎ።
3. በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቅብ መሀል ለውሃ ቀለም አራት ሰዓት ያህል፣ ለዘይት ቀለም አንድ ቀን ስጡ። ቀለም ቀቢው "ደርቋል፣ ደርቋል" ይላችኋል። እሱ ወደ ሌላ ሥራ ሊሄድ ነው።
4. ቆርቆሮውን፣ ቲነሩን፣ የተነከረውን ጨርቅ ሁሉ የዚያኑ ቀን ከቤት አውጡ። በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ማውጣት አይደለም።
5. በማሽተት ፈትኑ። ማታ መስኮቱን ሁሉ ዝጉና ሂዱ። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ሽታው ፊታችሁን ከመታው ገና ነው። እናንተ ትንሽ ከሸተታችሁ ለእነሱ ብዙ ነው።

ቁልፉን ቀድሞ ማግኘት ያልቻላችሁ፣ አንድ ክፍል ብቻ ምረጡ፣ እሱን ጭራሽ አትቅቡት። እሱን የምትቀቡት በኋላ፣ እንስሳቱ ሌላኛውን ክፍል ሲለምዱ ነው። የቀረውን በውሃ ቀለም አንድ በአንድ፣ በር እየዘጋችሁ፣ መስኮት እየከፈታችሁ ጨርሱ።

ፀጉራቸው ላይ ቀለም ከነካ፦ የውሃ ቀለም ሳይደርቅ በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይለቃል። የዘይት ቀለም ከሆነ ቲነር፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን አታስነኩ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲልሱት ደግሞ ይመርዛል። የምግብ ዘይት ቀብታችሁ አሹትና በሳሙና እጠቡ። ከደረቀ ፀጉሩን በመቀስ ቁረጡት። የቡቺ ጭራ አንድ ወር ተላጭቶ ከረመ፤ በቅሎለታል።

ደረጃ 4፦ የመጠለያ ክፍሉን አዘጋጁ

ዕቃ ከመድረሱ በፊት አንድ ክፍል ለእነሱ ይለይ። ትንሽ፣ በሩ የሚዘጋ፣ ሰው የማይመላለስበት። ለድመት መታጠቢያ ቤትም ይሆናል፣ ለውሻ ግን አይሆንም።

የምታስገቡት፦ የድሮ ምንጣፋቸው ወይም ብርድ ልብሳቸው፣ ሳይታጠብ። ቤቱ አዲስ ስለሆነ ማጠብ ያምራችኋል፤ አትጠቡት። ከሽታው በቀር የሚያውቁት ነገር የለም። የውሃ ዕቃ፣ የምግብ ዕቃ፣ ለድመቷ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ያለበት ሳህን (ከምግቡ ራቅ ብሎ)፣ የምትደበቅበት በጎኑ የተኛ ካርቶን። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ የእነሱንም ድርሻ ጀሪካን ላይ አስቡ።

በዚህ ሳምንት ምግብ አትቀይሩ። እንጀራ ፍርፋሪና ቅንጥብጣቢ ሲበላ የኖረን ውሻ አዲስ ቤት ገባን ብላችሁ የሱፐርማርኬት ደረቅ ምግብ ብትጀምሩለት የሚቀጥለውን አዲሱ ወለላችሁ ይነግራችኋል።

ደረጃ 5፦ የመጫኛው ቀን

የሥራ ቀን ምረጡ። ቅዳሜ ደረጃው ላይ ሰው ይበዛል።

የጫኝና አውራጅ ዋጋ አይሱዙው ሳይቆም ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ዕቃው መሬት ላይ ተራግፎ፣ ውሻው እየጮኸ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ ስለ ዋጋ የሚከራከር ሰው ሁሌም ተሸናፊ ነው። ይሄን ከራሴ ኪስ ነው የተማርኩት።

1. ጠዋት መጀመሪያ እንስሳቱን አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ዝጉና በሩ ላይ "አትክፈቱ" ብላችሁ ለጥፉ። ለጫኞቹም በቃል ንገሩ። ድመት የምትጠፋው በጉዞ ላይ አይደለም፣ ሁለቱም ቤት በሩ ክፍት ሆኖ ሶፋ ሲወጣና ሲገባ ነው።
2. ከመነሳታችሁ አራት አምስት ሰዓት በፊት ምግብ አቁሙ፣ ውሃ አትከልክሉ።
3. ዕቃው ሄዶ፣ ተራግፎ፣ ጫኞቹ ተከፍሏቸው ከሄዱ በኋላ እንስሳቱን አምጡ።
4. ድመት በማዳበሪያ ከረጢት አይጓዝም። አባቶቻችን አድርገውታል፣ ግን ትታፈናለች፣ ትደነግጣለች፣ እናንተንም ትቧጭራለች። ሳጥን ከሌላችሁ ሁለት የፕላስቲክ ልብስ ቅርጫት አፍ ለአፍ ግጠሙና ዙሪያውን በሲባጎ እሰሩ። አየር ያስገባል፣ አይከፈትም። በላዩ ነጠላ ጣል አድርጉበት።
5. ውሻ አይሱዙ ላይ ከቁም ሳጥን ጋር አይጫንም። መኪና ስትጠሩ ለሾፌሩ ውሻ እንዳለ ቀድማችሁ ንገሩ። ደርሶ አይቶ ጥሏችሁ ከሚሄድ በስልክ እምቢ ቢላችሁ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

ውሻ ሰውን፣ ድመት ቤትን ይለምዳል ይባላል። እውነት አለው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ያዟቸው።

ድመቷን ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ከዚያች ክፍል አታውጡ። ገብታችሁ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ስልካችሁን ነካኩ፣ አትጥሯት፣ አትጎትቷት። ስትበላ፣ ሰጋቱራዋ ላይ ስትቀመጥ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ስትመጣ ዝግጁ ናት። ከዚያ አንድ ክፍል ጨምሩ። በነጋታው ሌላ። ውጭ የመውጣት ልማድ ያላት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሳምንት በር አይከፈትላትም። የድሮው ቤታችሁ ቅርብ ከሆነ አራት አድርጉት፣ አለበለዚያ እግሯ ወደዚያው ይመራታል።

ውሻውን በመጀመሪያው ቀን በማሰሪያ ይዛችሁ ቤቱን አዙሩት፣ ከዚያ ወደ ውጭ፣ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ። ደረጃ ላይ አጭር አድርጋችሁ ያዙት። ጎረቤት ልብስ ላይ አፍንጫውን እንዳያሳርፍ፤ ለጸሎት ወይም ለሶላት የሚወጣ ሰው የውሻ ምራቅ ቢነካው ቀኑ ይበላሽበታል፣ እናንተም በመጀመሪያው ሳምንት ስም ታወጣላችሁ። ብቻውን መቅረትን በጥቂት በጥቂቱ አስለምዱት። አምስት ደቂቃ ወጥታችሁ ተመለሱ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት። ስትወጡ መሰነባበት የለም፣ ስትገቡም ሠርግ አታድርጉት።

ነገሮች ሲበላሹ፦

ድመቷ ጠፋች። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ፈልጉ። ማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ያልተፈታ ካርቶን፣ የሶፋው ሆድ ውስጥ፣ ኮርኒስ። ዘጠና በመቶ ቤት ውስጥ ናት ብዬ ቁጥር አልፈጥርም፣ የእኔዋ ግን ሁለቴም ቤት ውስጥ ነበረች። ከወጣች ሌሊት ጸጥ ሲል ምግብ ይዛችሁ በብሎኩ ዙሪያ በለሆሳስ ጥሯት፣ ምንጣፏን በር ላይ አድርጉ፣ ለዘበኛው ፎቶዋን አሳዩ። የድሮው ሰፈር ጎረቤትም ደውላችሁ ንገሩ።

አትበላም። ውሻ አንድ ቀን ቢጾም አይገርምም። ድመት ሁለት ቀን ሙሉ ካልበላች ግን ጉበቷ ይጎዳል፣ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ፓራሲታሞል የሚባል ነገር በፍጹም አትስጧት፣ አንዲት ፍሬ ትገድላለች።

አዲሱ ወለል ላይ ሸኑ። አትቆጡ፣ አፍንጫቸውን አታስነኩ። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ደባልቃችሁ አፍስሱ፣ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ጥረጉ። ወዲያው በረኪና መድፋት የሁላችንም ልማድ ነው፤ በረኪና ሽንት ላይ ሲያርፍ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። በረኪናን ከአቼቶ ጋርም አትቀላቅሉ፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ዲቶልም ለድመት ቤት አይሆንም፤ መዳፏ ላይ ይቀራል፣ ትልሰዋለች።

ቁንጫ መጣ። ለውሻ የተሸጠ መድኃኒት ድመት ላይ አይደረግም። ፐርሜትሪን ያለበት ከሆነ ይገድላታል። ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖንም አታምጡ።

ውሻ ወይም ድመት ሰው ነከሰ። ክትባት ቢኖረውም ባይኖረውም ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ሰውዬውን ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ከክትባቱ ግን አይቅር።

ደረጃ 7፦ አሁን ጌጣጌጥ

ድመቷ ቤቱን ሁሉ ስትዞር፣ ውሻው ምሳ ሰዓት ላይ ተዘርሮ ሲተኛ ጀምሩ። ከዚያ በፊት አይደለም። በአንድ ቀንም አንድ ክፍል ብቻ ቀይሩ።

መብሳት፦ የብሎኬት ግድግዳ ላይ ሚስማር አይይዝም፣ ድሪልና ፊሸር ያስፈልጋል። ድሪል ሲሠራ እንስሳቱን ሌላ ክፍል ዝጉ ወይም ውሻውን አውጥታችሁ አዙሩት። ብሎኬቱ ሲፈረካከስ ቀዳዳው ከሰፋ ፊሸሩ ይሽከረከራል፤ በስቱኮ ሞልታችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከጎኑ አዲስ ብሱ።

መጋረጃ፦ ስስና እስከ መሬት የሚጎተት ለድመት መሰላል ነው። ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ አሰፉ። የመጋረጃውን ገመድ አሳጥራችሁ እሰሩ፣ አንገት ይገባበታል።

ሶፋና መጅሊስ፦ ሽምኑ ክፍት ክፍት ያለ ጨርቅ ጥፍር ይጠራል። ቬልቬት ጥፍር ብዙ አይዝም፣ ፀጉር ግን ይሰበስባል። ቆዳ መሳዩን ውሻ ያላችሁ ብቻ ግዙ፤ ድመት በአንድ ወር ወንፊት ታደርገዋለች። የፈለጋችሁትን ግዙና አጠገቡ በቃጫ ገመድ የተጠመጠመ ወፍራም እንጨት አቁሙላት። የማይነቃነቅ ይሁን፣ ተንጠራርታ የምትቧጭረው ቁመትም ይኑረው፣ ከወገባችሁ ከፍ ያለ። ክፍሉ ጥግ ከደበቃችሁት አትነካውም። ሶፋውን የምትቧጭርበት ቦታ ላይ ነው የሚቆመው።

ተክል፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሊሊ አበባ ድመት ባለበት ቤት አይገባም፣ በስጦታም ቢመጣ። ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ዱቄቱን ከፀጉሯ ላይ ብትልስ እንኳ ኩላሊቷ ይቆማል። እሬትም ለውሻም ለድመትም አይስማማም፣ በረንዳ ላይ ከፍ ተደርጎ ይሰቀል። ዲፈንባኪያ አፍ ያቃጥላል።

ትልቅ መስታወት፦ ወለል ላይ አስደግፋችሁ አትተዉት። ቡቺ የራሱን ምስል ሦስት ቀን ጮኸበት፣ በአራተኛው ቀን ገፋው።

የቤት ምርቃት፦ ቄጠማ ጎዝጉዛችሁ ዘመድና ጎረቤት ከመጥራታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ይለፍ። በዕለቱ እንስሳቱን ወደ መጠለያ ክፍላቸው መልሱ፣ ከሰል ከሚጨስበት ክፍል አርቁ፣ በሩን ቆልፉና ቁልፉን ኪሳችሁ አድርጉ። ቄጠማው ላይ ድመት ትሸናለች፣ በማግስቱ ጠዋት ጠርጋችሁ አውጡ። እንግዳ ከዶሮ ወጥ አጥንት ለውሻ እንዳይወረውር ንገሩ፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ነው፣ ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትም ለውሻ መርዝ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ የተሳሳተ በር ከፍቶ ድመቷ ከወጣች ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።